ስምንቱ ልቃቂት

በዚህ ዓምድ ስለ ፓርቲውም፣ ስለ ምክር ቤቱም፣ አዳራሽ ተከራይተን ስለምንጣላበት ስብሰባም ብዙ ብያለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ክር ነው። አዎ፣ ስለ ክርና ስለ ኪሮሽ። "ይቺ ሴትዮ ወሬ አለቀባት እንዴ?" የምትሉ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። ብቻ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ትንሽ ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ፈንጠር ብላ ካለችው አፓርታማዬ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከበረዶ ጫማዬ ጀርባ አንድ ኮሮጆ ነበረች። ኮሮጆ ስል የምርጫ እንዳይመስላችሁ፤ ይቺኛዋን የነካት የለም። በውስጧ ስምንት የክር ልቃቂት አለ። አንዱ ከአንዱ አይገጥምም፤ ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ ቢጫ፣ ቅጠልያ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ ነጭ፣ ሐምራዊ። ስምንቱንም የገዛሁት ከ2015 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ)፣ ከቅናሽ ቅርጫት ውስጥ እየለቀምኩ፣ አንዳንድ እያልኩ ነው። ከሁለት ዶላር በላይ የከፈልኩበት የለም። ቢጫውን እንዲያውም በ97 ሳንቲም ነው ያገኘሁት።

ክሩን የገዛሁት ልሠራበት አይደለም። ያን ጊዜ እኔ የኪሮሽ አያያዝ እንኳ አላውቅም። የገዛሁት ለእናቴ ነው።

እናቴ ዳንቴል ሠሪ ነበረች። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በዚያ ዘመን ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ በቤታችን አልነበረም። ሬዲዮው ዳንቴል፣ የሶፋው መደገፊያ ዳንቴል፣ የብርጭቆው መደርደሪያ ዳንቴል። ቴሌቪዥኑማ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሽማግሌ ይመስል ነበር። ሥራውን የተማረችው ከታላቅ እኅቷ ነው። እኅቷ ደግሞ በ1931 በተከፈተው በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተማረች ናት። የጉለሌ ጎረቤት ልጅ ሲድር ዳንቴል የሚያዝዘው እናቴን ነበር፤ የእኔ ደብተርና የደንብ ልብስም የሚገዛው ከዚያው ነው።

እኔ ግን ኪሮሽ አልወድም ነበር። በትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የእናቴን ሥራ የኔ ነው ብዬ አስረክቤ ከአሥር አሥር አግኝቻለሁ። "እኔ ብዕር ነው የምይዘው" እል ነበር፤ ብዕሩንም ያዝኩት። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ጋዜጠኛ ሆንኩ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን ሆላንድ ተምሬ ተመለስኩ። ስድስት ጋዜጦችና መጽሔቶች በተከሰሱበት በ2014 ብዙዎቻችን ሻንጣችንን ስንይዝ እኔም ያዝኩ። የቀረውን ታውቁታላችሁ፤ የሁላችንም ታሪክ ስለሆነ አልደግመውም።

ታዲያ አንድ ቀን በስልክ እናቴ እንዲህ አለችኝ፦ "ልጄ፣ እዚያ ሀገር ወፍራሙ ባለቀለም ክር ርካሽ ነው ይላሉ። ትንሽ ብትልኪልኝ አንገቴ ላይ የማጠልቀው ነገር ልሥራበት። የሐምሌ ብርድ አንገቴን እየያዘኝ ነው።"

በሳምንቱ ቀዩን ገዛሁ። አንድ ልቃቂት ደግሞ እንዴት ይላካል? ሲሞላ እልካለሁ አልኩ። ብርቱካንማውን ጨመርኩ። ከዚያ "ለምን በሰው እልካለሁ? ወረቀቴ ሲስተካከል ራሴ ይዤላት እሄዳለሁ" አልኩ። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ወደ ሸሸበት ሀገር ቢመለስ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታል፤ ስለዚህ ተቀምጬ መጠበቅ ነበረብኝ። ጠበቅሁ። በ2018 መጀመሪያ ላይ አሠራሩ ተገለበጠና አዲስ ያመለከተ ይቅደም ተባለ፤ የቆየነው ወደ ኋላ ቀረን። እኔም ክሩን አንዳንድ እያልኩ መግዛቴን ቀጠልኩ። እናቴም በስልክ "ክሩስ?" ማለቷን ተወች።

በሜይ 2019 አንድ ቀን ሌሊት 11 ሰዓት በሬ ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት ስደተኛ ቤት ተሰብስቦ የሚመጣ እንግዳ ለምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሐምራዊውን የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነበር። ኮሮጆዋን ከበረዶ ጫማዬ ጀርባ ከተትኳት። የጥገኝነቱ ፈቃድ ከሁለት ዓመት በኋላ በፖስታ ደረሰኝ።

ኮሮጆዋን ያስታወሰኝ የሰው ኪሳራ ነው። ጆአን የተባለውን የጨርቅና የክር መደብር ብዙዎቻችሁ ታውቁት ነበር። በ1943 ኦሃዮ ውስጥ ተመሥርቶ በመላ አሜሪካ ወደ 800 ሱቅ ያህል የነበረው ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ኪሳራ አውጆ በሜይ 2025 መጨረሻ ሱቆቹን ሁሉ ጠቅልሎ ዘጋ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሰሜን ቨርጂኒያ ከነበሩት ሱቆቹ ወደ አንዱ ጎራ ብዬ ነበር። መደርደሪያው ራሱ ዋጋ ተለጥፎበት ይሸጣል። አሜሪካውያን አሮጊቶች ክር በጋሪ እየጫኑ ልክ የሰው ቤት ለቅሶ እንደመጡ በሹክሹክታ ያወራሉ። እኔ አንዲት ኪሮሽ አነሣሁ፤ እጀታዋ ላይ 5.5 ሚሊ ሜትር ይላል። ከአንድ ዶላር በታች ከፈልኩ። ቤት ወስጄ ምን አደረግኋት ብትሉኝ፣ እዚያችው ኮሮጆ ውስጥ ከተትኳት። ልማድ መጥፎ ነው!

የምሠራው አሌክሳንድርያ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ቢሮ ውስጥ ነው፤ ስልክ አነሣለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ቻይናታውን፣ ከዚያ በቢጫው ኪንግ ስትሪት፤ ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይበላል። ብርዱ ሲገባ አሌክሳንድርያ የምትኖር ነርስ ጓደኛዬ እንዲህ አለችኝ፦ "እናቴ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጣ መኪና ትቆጥራለች። አርብ አርብ ከሥራ ስትወጪ ጎራ ብትያት ምን ይመስልሻል?" እኚህን እናት እማማ ልበላቸው። በ2017 ከደብረ ታቦር "ለሦስት ወር" ብለው ነው የመጡት። ሁለት ሻንጣ ይዘው ነበር። አንደኛውን ፈቱት፤ ሁለተኛው ሲመለሱ የሚወስዱት የስጦታ ዕቃ እየተጨመረበት አልጋ ሥር ተቀመጠ። ዘንድሮ፣ ለከርሞ ሲባል በ2020 ጦርነቱ ተነሣ፤ በ2023 ደግሞ እዚያው አማራ ክልል ተኩሱ ቤታቸው ደጃፍ ደረሰ። ሻንጣው አልጋ ሥር ነው።

መጀመሪያ አርብ ባዶ እጄን ላለመሄድ ኮሮጆዋን ይዤ ሄድኩ። እማማ ቀዩን ልቃቂት ብድግ አድርገው ጨመቅ፣ ሸተት አደረጉት።

"ይኼ ጥጥ አይደለም።"

አይደለም። አክሪሊክ ነው፤ ከነዳጅ ዘይት ከሚገኝ ኬሚካል የሚሠራ ክር። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ በ1950 ለገበያ ማምረት ከጀመረ ወዲህ የድሃ ሱፍ ሆኖ ቀርቷል። በማሽን ይታጠባል፣ ብል አይበላውም፣ እንደ በግ ጸጉር አይኮማተርም። ጠላቱ ካውያ ነው፤ ትኩስ ካውያ ካረፈበት ይቀልጣል። ይህን ስነግራቸው "እንግዲያው አንተኩሰውም" አሉ፤ በዚህ አለቀ።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ሁለተኛ ቀይ ገዝቼ ሙሉውን በአንድ ቀለም ለመሥራት አስቤ ነበር። ቀዩን ከሌላ ቀይ ጋር ሳስተያየው ግን አይገጥምም። ክር ሲነከር በአንድ ጋን አብሮ የገባው አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ቁጥሩ ከተለያየ ስሙ ቀይ ቢሆንም ቀይነቱ ይለያያል፤ ቀን ላይ ባይታይ ማታ በመብራት ያሳብቃል። የቅናሽ ቅርጫት ውስጥ ደግሞ የሚገኘው እንዲህ ያለው ብቸኛ፣ ዘመድ የሌለው ልቃቂት ነው። እማማ ግን አልገረማቸውም።

"የዛሬ ሊጥና የትናንት ሊጥ አንድ ዓይነት እንጀራ አይወጣውም። አንዱን ካንዱ ለማመሳሰል አትድከሚ ልጄ። በጥለት ለዪው።"

በጥለት! ስንት ዓመት የሽሮ ሜዳን ነጠላ ስለብስ የኖርኩ ሴት ይህ ሳይታየኝ ቀረ። ክሩ አንሶ አይደለም፤ ስምንቱን አንድ ለማድረግ ስለፈለግሁ ነው ያነሰው። እንደየመልኩ መስመር ሆኖ ከተደረደረ ሞልቶ የተረፈ ነው።

ለመጀመር ለምታስቡ እንደሚከተለው ነው። ወረቀቱ ላይ የክሩ ውፍረት በቁጥር ይጻፋል፤ የኔ 4 ነው፣ መካከለኛ ማለት ነው፤ ለሱ 5.5 ኪሮሽ ይስማማዋል። እማማ በዐይናቸው ይለካሉ፤ እኔ ግን አንድ ቁራጭ ሞክሬ በማስመሪያ ለካሁ፤ በ4 ኢንች ውስጥ 12 ቀለበት ገባልኝ። ከራስ ላይ ወርዶ አንገት ላይ የሚያርፍ 28 ኢንች ዙሪያ ይበቃዋል። ስለዚህ 84 ቀለበት ያለው ሰንሰለት ሠርቶ ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ ክብ ማድረግ ነው። ከዚያ ክሩን ኪሮሹ ላይ አንዴ እየጠመጠሙ፣ ረዘም ያለውን ዓይነት ዙሪያውን መሥራት። እያንዳንዱ ቀለም ሁለት ዙር፤ ስምንት ቀለም 16 ዙር፤ ቁመቱ ከ9 ኢንች ያልፋል። ቀለም ሲለወጥ የመጨረሻዋን ቀለበት በአሮጌው ክር ጀምሮ በአዲሱ መጨረስ ነው፤ አለበለዚያ መስመሩ ይንጋደዳል። ጫፉን አንድ ስንዝር አስተርፋችሁ ቁረጡ፤ በኋላ ዐይነ ሰፊ በሆነ መርፌ ወደ ውስጥ ይደበቃል። ከየልቃቂቱ የሚነካው ጥቂት ነው። ስምንቱ በድምሩ 13 ዶላር አልሞሉም፤ ለሌላ ሁለት ሦስት አንገት የሚበቃ ይተርፋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሰንሰለቱ ሲገናኝ መጠምዘዝ የለበትም። የኔ ተጠምዝዞ ኖሮ ሦስት ዙር ከሄድኩ በኋላ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ይዞ አገኘሁት። አይስተካከልም፤ ከሥሩ መፈታት አለበት። እማማ ጫፉን ይዘው ሳብ ሲያደርጉት የሁለት አርብ ልፋቴ ቱር ብሎ ተበተነ። ፊቴን አይተው "መፍታትም ሥራ ነው" አሉና ጥቅሉን መልሰው ሰጡኝ።

ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ቤት ይዤው ሄድኩ። ያኔ ቅጠልያው፣ ቢጫውና ቀዩ ተከታትለው ወጥተዋል። ምን እንደተከተለ መገመት አያቅታችሁም።

"ልሙጡ ነው ባለ ኮከቡ?" አለ አንዱ ከጎኔ።

"የአንገት ልብስ ነው።"

"እሱስ ገብቶናል። ግን ቀዩ ከላይ ነው የተደረገው፤ ተገልብጧል።"

ክብ ስለሆነ ሲያጠልቁት ወዲህም ወዲያም ይሆናል አልኩ። ይኼማ "አቋም የለሽነት" ነው ተባልኩ። አራት ጠረጴዛ ተነሣ፣ ማኪያቶው ቀዘቀዘ። አንድ ሽማግሌ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብለው ሊያስታርቁን ሞከሩ። ኪሮሽ እኮ ድርም ማግም የለው፤ አንድ ክር ራሱን በራሱ እየያዘ የሚሄድ ነው ብዬ ላስረዳ ስል ሰሚ አላገኘሁም። ውሃ ሰማያዊውን ሳወጣ ደግሞ "ይኼስ የማን ነው?" አለኝ ያው ሰው። "የቅናሽ ቅርጫቱ" አልኩት።

የድሮ ሙያ አይለቅምና ስለ ኪሮሽ ታሪክ ጥቂት አነበብኩ። በ1845 አየርላንድ ውስጥ የድንች ሰብል በበሽታ ሲመታ በተከታታይ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረሃብና በበሽታ አለቀ፤ ከዚያ የማያንስ ተሰደደ። በዚያ ጊዜ መነኮሳይያት ለሴቶቹ የኪሮሽ ዳንቴል አስተማሯቸው። ዳንቴሉ ለሀብታም ሀገር ሴቶች እየተሸጠ የብዙ ቤተሰብ የዕለት ጉርስ ሆነ። ወደ አሜሪካ የተሰደዱትም ሙያውን ይዘው መጡ። ሹራብን ማሽን ይሠራዋል፤ እውነተኛውን የኪሮሽ ሥራ ግን እስከ ዛሬ የሚሠራው የሰው እጅ ነው። ይህን ለእማማ ስነግራቸው ኪሮሹን አቁመው ቀና አሉ።

"እነሱንም ርቧቸው ያውቃል?"

ለመጀመሪያ ጊዜ በመስኮቱ የሚያልፉትን ሰዎች በሌላ ዐይን ያዩዋቸው መሰለኝ።

አራተኛው አርብ ስደርስ ሁለተኛው ሻንጣ ወለሉ ላይ ተከፍቶ አገኘሁት። የኔ ኪሮሽ ወፍራም ነው፤ የራሳቸውን ቀጭኗን የዳንቴል ኪሮሽ ሊያሳዩኝ ፈልገው ነው። እሷ ያለችው ከሥር ነበረች። ከላይ በ2018 ለልጅ ልጆቻቸው የተገዙ ሁለት ጥንድ የሕፃን ጫማዎች አሉ፤ ዋጋቸው እንኳ አልተላጠም። እማማ አንዷን ጫማ መዳፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

"ይኼኔ እግራቸው የኔን ያህላል" አሉ።

ጫማዎቹን ፎቅ ላይ ላለች ለአንዲት አራስ ሰጧቸው። ነጩን ቀጭን ክርና ኪሮሹን አውጥተው መሥራት ጀመሩ። በሚቀጥለው አርብ አንድ ዳንቴል አልቋል። ለቴሌቪዥኑ ነበር የታሰበው፤ የዘንድሮ ቴሌቪዥን ግን እንደ ቂጣ ስስ ስለሆነ ዳንቴል አይሸከምም፤ ይንሸራተታል። ማይክሮዌቩን አለበሱት። ልጃቸው ከሥራ ስትመጣ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። ተመልሰው አይሄዱም ማለት አይደለም። ሻንጣው ዛሬም አልጋ ሥር ነው፤ ግማሹ ባዶ ነው።

እናንተዬ፣ የኔን ነገርኳችሁ። የናንተንም አላጣውም። የራሴን ቤት ስገዛ ብሎ ከነካርቶኑ ያስቀመጠው ሸክላ ያለው አለ። ከሀገር ቤት ሁሉም ማስረጃ ተሟልቶ ሲመጣ እማራለሁ ብሎ አሥራ አምስት ዓመት ፓርኪንግ የቆመ መሐንዲስ አውቃለሁ። ሀገር ሲረጋጋ የሚጻፍ መጽሐፍ፣ ወረቀት ሲገኝ የሚደወል ስልክ፣ ሲሞላ የሚላክ ክር። ሁሉም የሚጠብቀው ከአንድ ጋን የወጣ፣ ቁጥሩ አንድ የሆነ ልቃቂት ነው። እናቴን ያስጠበቅኋት በዚህ ነው። ቀዩን ብቻውን በ2015 በሰው ብልክላት ኖሮ አራት ሐምሌ አንገቷ ላይ ይውል ነበር።

የኔ ሥራ ሰባተኛው ቀለም ላይ ደርሷል። ነጩን ትናንት በባቡር፣ ቢጫው መስመር ወንዙን ሲሻገር ጨረስኩት። የቀረው ሐምራዊው ነው። ወረቀቱ እንዳለ ነው፤ ከኮሮጆዋ ሥርም የሜይ 2019 ደረሰኙ ተገኝቷል። አርብ እማማ ዘንድ ይዤው እሄዳለሁ። ማለቁ ባይቀርም፣ የመጀመሪያዋን ቀለበት እሳቸው እንዲጀምሩልኝ እጠይቃቸዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።